ሰባተኛዋ መረጃ ሰጪ

ሶረቲ ጽሑፏ እንደሚታተም የሰማች ዕለት ጫማዋን ሳታወልቅ ነው ሳሎን የገባችው። ሌላ ቀን ቢሆን እማማ ጸሐይወርቅ የነቀምት ቀይ ጭቃ ምንጣፋቸው ላይ ሲያርፍ አይተው ዝም አይሉም ነበር። የልጅ ልጃቸውን ፊት እንዲያ ፈክቶ ካዩት ግን ስለ ቆዩ፣ ምንጣፉን ትተው «ምን ተገኘ፣ እናቴ?» አሉ።

«ተቀበሉኝ፣ አኮ! የውጭዎቹ ተቀበሉኝ!»

በአባቷ በጋሩማ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ አያቷን አኮ እያለች ነው ያደገችው። እናቷ ከሞተች ወዲህ እሳቸው አሳደጓት፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ስለ ዓለም ጸጥታና መከላከያ የሚያወጣ አንድ የውጭ አገር መጽሔት ዘንድ ዘጠኝ ወር ስትመላለስ ነበር የከረመችው። ሁለት ጊዜ መልሰውባታል። ዘንድሮም ካላሳተመች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ የትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ ነግሯታል።

ኮምፒውተሯን ከፍታ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላቸው ጀመር። ስለ ሩቅ አገር ጦርነት፣ ስለ መሣሪያ ዝውውር ሲባል እማማ ጸሐይወርቅ ብዙም አልገባቸውም፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት ትምህርት እዚያ አያደርስም። ደስ እንዲላት ብቻ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ግን መነቅነቃቸውን ተዉ።

«‹መረጃ ሰጪ ቁጥር ሰባት። ከኪራሙ የተፈናቀለች፣ ዕድሜዋ አርባ ገደማ፣ ከግራ እጇ ሦስት ጣቶች የጎደሏት፣ ነቀምት ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ጌሾ የምትሸጥ ሴት ናት። ባሏንና ሁለት ልጆቿን የገደሉትን ታጣቂዎች ይመራ የነበረው የባሏ የወንፈል ባልንጀራ እንደ ነበር፣ እሱንም በቅርቡ መናኸሪያው አካባቢ እንዳየችው ትናገራለች።›»

«ቀለሟ ናታ!» አሉ እማማ።

«ስሟን አልጻፍኩትም እኮ፣ አኮ።»

«ስም! በዚህ ከተማ ማን በስሙ ይታወቃል? እኔን ራሴን የጋሩማ አማት ነው የሚሉኝ። ጌሾ ሻጯ፣ ጣቷ የተቆረጠው፣ ወፍጮ ቤቱ ደጅ የምትቀመጠው... ምኗን ደበቅሽው? ፊቷን ሸፍነሽ መላ አካላቷን አደባባይ አቆምሻት እንጂ!»

«የመጽሔቱ ገምጋሚ ነው የጠየቀኝ። ሰዎቹ እነማን ናቸው፣ በምን እናምናለን፣ ዘርዝሪ አለኝ። ደግሞስ ማን ያነበዋል? በዓለም ላይ አርባ ሰው ቢያነበው ነው።»

«ስልክ እንደሚተረጉም አንቺው አይደለሽም ያሳየሽኝ? ያ ሰውዬ አርባ ሰው ምን ያደርግለታል? አንድ ይበቃዋል።»

ሶረቲ ገጹን መልሳ አነበበችው። ቀለሟን ያመጡላት ራሳቸው እማማ ጸሐይወርቅ ነበሩ። «ልጄ ናት፣ አትጎዳሽም» ብለው እጇን ይዘው ያስገቧት በዚሁ በር ነው። ያ ቃላቸው አሁን ዕዳ ሆነባቸው። ደግሞ ሌላም ነገር አለ፤ ጮክ ብለው ባይሉትም። የጽሑፉ ግንባር ላይ በትልልቁ የሰፈረው የሶረቲ ስም ነው። ጌሾ ሻጯን ያገኘ ሰው ጸሐፊዋን ማግኘት አያቅተውም።

«እሷው ትወስን» አለች ሶረቲ በመጨረሻ። «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት የመጨረሻውን እርማት መላክ አለብኝ፤ ጠዋት ደግሞ ፈታኝ ነኝ። ይሂዱና ይጠይቋት። ይታተም ካለች ይታተማል፤ ይቅር ካለች እሰርዘዋለሁ። ከሰረዝኩት ጽሑፉ ጥርስ የለውም። ግን እሰርዘዋለሁ።»

በማግስቱ እማማ ጸሐይወርቅ ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ባለ ወፍጮው ጉሉማ ዱቄት እንደ ለበሰ ከበሩ ብቅ ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው።

«አኮ፣ አከም ቡልተኒ! ዛሬ ባዶ እጅ? እህሉን አይጥ ፈጨው?»

«ነጋ፣ ነጋ። ካንተ አይጥ ይሻላል፤ እሱ እንኳ ግማሹን ይተዋል።»

ቀለሟ ጌሾዋን ፊቷ ዘርግታ እንጨቱን በደኅናው እጇ ትለቅማለች። እማማ አጠገቧ ቁጢጥ ብለው በሹክሹክታ ነገሯት፤ ከነገሩ ይልቅ ፍርሃቱን አብዝተው ነገሯት። ሰውዬው ሊሰማ እንደሚችል፣ ሌላ የምትሸሽበት አገር እንደሌላት፣ ነገሩ ቢቀር ማንም እንደማይቀየማት።

ቀለሟ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ስማቸውን ለምን አልጻፈችውም?» አለች።

«የማንን?»

«የባሌን የተክለጻድቅን። የልጆቼን። የዚያንም ሰው። እኔ ምን ቀረኝና ነው የምፈራው፣ እትዬ? ሦስቱን ባንድ ጉድጓድ ነው የቀበርኳቸው፤ ተዝካራቸውን እንኳ አላወጣሁ። ያንቱ ልጅ ስትጽፍ ባየሁ ጊዜ፣ እንግዲህ ስማቸው አንድ ቦታ ተቀመጠ አልኩ። ይታተም። የኔም ስም ይግባ። ጣቴንም ካሻት ፎቶ ታንሣው።»

«አስቢበት፣ ልጄ።»

«ሦስት ዓመት አሰብኩበት።»

እማማ ጸሐይወርቅ ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆመው ዐረፉ። እሷ ምን ቀረኝ ትላለች፤ እኔ ግን ቀርታኛለች፣ አንዲት ብቻ ቀርታኛለች፣ አሉ በልባቸው። ቤት ሲደርሱ ሶረቲ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር።

«ምን አለች?»

ፊታቸው እንዳይታይ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ አሉ። «ፈራች» አሉ። «ይቅር አለች።»

ሶረቲ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ አንቀጹን ከዳር እስከ ዳር አጠፋችው። በቦታው «አንዳንድ የአካባቢው ምንጮች እንደሚሉት» የሚል አንድ መስመር ገባ።

ጽሑፉ በሁለተኛው ወር ታተመ። የሶረቲ ቦታ ጸና፤ አንድ ቅጂ በወረቀት አውጥታ በአያቷ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። እማማ ጸሐይወርቅ በወፍጮ ቤቱ ማለፍ ትተው ዱቄት ከሱቅ ያስመጡ ጀመር። ተረፍን ብለውም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ቀለሟ በሩን አንኳኳች። ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች።

«ታተመ አሉ። የጉሉማ ልጅ ሶረቲ የምታስተምርበት ትማር የለ? እሷ ለአባቷ ነገረችው። እስቲ ያንብቡልኝ።»

«ሶረቲ ስትመጣ» ሊሉ ፈለጉ፤ ሶረቲ ስትመጣ ምን እንደሚሆን ግን ታያቸው። ወረቀቱን አወጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ። ዐሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ ያን ቀን የሰሙትን በቃላቸው ወጡት። ኪራሙን አሉ፣ ጌሾውን አሉ፣ የወንፈል ባልንጀራውን አሉ። ጣታቸው በማያውቁት መስመር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ቀለሟ እንባዋን አልጠረገችም። «የተክለጻድቅ ስም የቱ ጋ ነው?»

በትልቅ ፊደል የሚጀምር አንድ ቃል አዩና ጠቆሙላት። በተረፉት ሁለት ጣቶቿ ነካችው፣ መልሳ ነካችው። ከዚያ ወረቀቱን ቀስ ብላ ከእጃቸው ወሰደች።

«አቤቱታ ያስገባሁበት ቢሮ ማስረጃሽ ምንድን ነው እያለ ነው ሦስት ዓመት የመለሰኝ። ይኸው! የውጭ አገር ሰው ያመነው።»

«ቆይ፣ ቀለሟ፣ እስቲ ተቀመጪ...»

«ቆየሁ እኮ፣ እትዬ።»

ሄደች። እማማ ጸሐይወርቅ ነጠላቸውን በወጉ ሳያጣፉ ተከተሏት። ባጃጅ ጠሩ፣ አልቆመላቸውም። ቢሮው ሲደርሱ ወረፋው እስከ ግቢው በር ይደርሳል፤ ከቢላም፣ ከኑኑ ቁምባም የመጣ ሰው ነው። ቀለሟ እንደ ምንም ከፊት ተገኝታለች። መስኮቱ ላይ ለተቀመጠው ወጣት ጸሐፊ የሰውዬውን ስም ከነአባቱ ጠራችለት፤ በየትኛው ቀን መናኸሪያ እንደሚውልም ጨመረችበት። የተሰለፈው ሁሉ ሰማ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ግን ወረፋውን ትቶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከግቢው ወጣ።

ጸሐፊው ወረቀቱን አገላበጠ፤ መልሶ አገላበጠ። «አዴ፣ ይሄ ስለ መሣሪያ ዝውውር ነው። ያልሽው ሰው የለበትም፤ ያንቺም ነገር የለበትም። የቱ ጋ ነው?»

ቀለሟ ዞር ስትል እማማ ጸሐይወርቅን ከበሩ ሥር፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አየቻቸው። ፊቷ በራ።

«እሰይ፣ መጡልኝ!» አለች። የተሰለፈውን ሰው በክንዷ ገፋ ገፋ አድርጋ መንገድ ከፈተችላቸው። «እትዬ ጸሐይወርቅ፣ እስቲ ያሳዩት።»