የኦርቫል ግራ እጅ

ኦርቫል ስታምፍ መጋቢት ላይ በረት ውስጥ ተዝለፍልፎ ከወደቀ ወዲህ የቀረችለት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ማቤል»። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። ሰባ ዓመት ሙሉ ሲቀልድ፣ ሰው ሲያርምና ሲራገም የኖረው ምላሱም ከዚያ ሁሉ ቃል መሃል የባዝራውን ስም መርጦ አስቀረ። ቡና ሲያምረው ማቤል ይላል፤ በሩ ይዘጋ ለማለትም ማቤል፤ ልጁን ትዋይላን ሲጠራም ያው ማቤል ነው። ብዕር ቢያስይዙት ከመሞነጫጨር አያልፍም።

«አባዬ፣ እኔ እኮ በሁለት እግሬ ነው የምሄደው» ትለዋለች ትዋይላ። እሱም በግማሽ ፊቱ ይስቃል።

ትዋይላ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ ካረፈች ጀምሮ በኔብራስካ አሸዋማ ኮረብቶች መሃል ከአባቷና ከከብቶቹ ጋር ትኖራለች። ዳማዋን ማቤልን ከውርንጭላነቷ ጀምረው የገሯት አባትና ልጅ አብረው ነው። የአባቷ ሐኪም «ለከርሞ በጋ መድረሱን እንጃ» ካላት ቀን አንስቶ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትመኘው። በነሐሴው የወረዳ ትርኢት ላይ፣ አባቷ በዓይኑ እያየ፣ እሱ ባስተማራት መንገድ በማቤል ላይ ሆና አንድ ያማረ የበርሜል ሩጫ ልትሮጥለት።

መንገዱ ደግሞ አንድ ነው። ሦስት በርሜሎች በሦስት ማዕዘን ይቆማሉ፤ ጋላቢዋ እየጋለበች ሦስቱንም ዞራ መመለስ ነው ሥራዋ። ከቀኙ በርሜል ከጀመረች አንዴ ወደ ቀኝ፣ ሁለቴ ወደ ግራ ትዞራለች፤ ከግራው ከጀመረች ተቃራኒው ነው። ሕጉ እንዳሻሽ ይላል። የስታምፍ ቤት ግን እንዳሻሽ የሚባል ነገር አያውቅም። ኦርቫል አሥራ አንድ ፈረስ አሠልጥኗል፤ አሥራ አንዱም በቀኝ ነው የሚጀምሩት። በግራ የሚጀምሩትን ሴቶች «ሹራባቸውን ገልብጠው የሚለብሱ» እያለ ሲያበሽቅ ነው የኖረው። በተለይ ጎረቤቱን ናዲን ኮልብን አርባ ዓመት አላስቀመጣትም።

ትዋይላ በስድስት ዓመቷ መጀመሪያ ስትሮጥ ፍርሃቱ ቀኝና ግራዋን አስረስቷት ነበርና፣ ኦርቫል ከአጥሩ ዳር፣ እንደሷ ወደ በርሜሎቹ ዞሮ ቆሞ፣ ባርኔጣውን በቀኝ እጁ ወደ ቀኝ አነሣላት። ከዚያ በኋላ ሳያነሣላት የሮጠችበት ቀን የለም። አሁን ትልቅ ሰው ሆናም በሩ ሊከፈት ሲል ዓይኗ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ባርኔጣ ነው። መንገዱ ጠፍቷት አይደለም፤ ያንን ካላየች ልቧ አይረጋም።

በጋውን ሙሉ እመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው አጥር ውስጥ ስትለማመድ ኦርቫል ወንበሩ ላይ ሆኖ ያያታል። ከሰኔ ጀምሮ ማቤል አንድ አመል አመጣች። ሁለተኛው በርሜል ጋ ወደ ግራ ዙሪ ስትባል አንገቷን ቀጥ ታደርግና ዙሩን ታሰፋዋለች። ትዋይላ የማቤልን እግር ዳሰሰች፤ ትኩሳት የለውም፤ አታነክስም፤ መኖዋንም አልተወችም። ጸደዩን ሙሉ ሰው ሳይጋልባት ከርማ ሰንፋለች አለችና ተረከዟን ጠበቅ አደረገችባት። ያን ጊዜ ኦርቫል የመስኮቱን መስተዋት በመዳፉ ይደበድበዋል። ትዋይላ ደስ ብሎት እያበረታታት መስሏት እጇን ታውለበልብለት ነበር።

አመሻሽ ላይ ደግሞ ከሐኪም ቤት የመጣችው ሴት ያስተማረችው ልምምድ አለ። ኦርቫል የሞተውን እጁን በደኅናው እጁ አንጓው ላይ ይይዝና ከቀኝ ትከሻው በላይ ያነሣዋል፤ አሥር ጊዜ። ትዋይላ ድንች እየላጠች ትቆጥርለታለች። ሰባት ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይነጫነጫል።

የትርኢቱ ቀን ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ትዋይላ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበሩ ገፍታ ድሮ ይቆምበት ከነበረው አጥር ዳር አስቀመጠችው፤ ባርኔጣውንም ጭኑ ላይ አኖረችለት። በሩን የያዘችው ናዲን ኮልብ ነበረች።

«ደግሞ መጣሽ የኦርቫል ልጅ! ዛሬም እንደ ቤተሰባችሁ በተሳሳተው በኩል ልትጀምሪ ነው?»

«አክስቴ ናዲን፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ በግራ ጀምረሽ የተሸለምሽው ያቺን የቀበቶ ዘለበት ብቻ አይደል እንዴ?»

«እሷም ብትሆን ሱሪዬን ይዛልኛለች» አለች ናዲን ሆዷን መታ መታ እያደረገች። «ያንቺ አባትስ አሥራ አንድ ፈረስ አሠልጥኖ ያው ዘለበት አጥቶ በሱሪ ማንጠልጠያ አይደል የሚሄደው!»

ሁለቱም ሳቁ። ድምፅ ማጉያው የትዋይላን ስም ጠራ። ትዋይላ ልጓሙን ሰበሰበችና ወደ አጥሩ ዞር አለች። ኦርቫል ባርኔጣውን አንሥቷል። በግራ እጁ፣ ወደ ግራ። ከመጋቢት ወዲህ እንዲያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አይታው አታውቅም። የምታውቀው እጅ አይደለም፤ ግን አባቷ አልረሳም። እንባዋ ዓይኗ ላይ ግጥም አለ።

«ትዋይ፣» አለች ናዲን፣ «አባትሽ እኮ ግራ እያለሽ ነው።»

«ሌላ እጅ የለውማ።»

«ኧረ ተመልከቺው፤ እያወዛወዘው ነው።»

«አክስቴ ናዲን፣ እሱ በግራ ስጀምር ከሚያይ ዓይኑ ቢጠፋ ይመርጣል። አንቺ ጠፍቶሽ ነው?»

ናዲን አልጠፋትም። ከሷ የበለጠ የሚያውቀው የለም። ራሷን እየነቀነቀች ሳቀችና በሩን ከፈተችው።

«ማቤል!» ብሎ ጮኸ ኦርቫል። «ማቤል! ማቤል!» በዙሪያው የነበሩት ሰዎች ባዝራዋን እያበረታታ መስሏቸው አብረውት ጮኹ።

ማቤል ከበሩ ስትወጣ ወደ ግራ አዘነበለች። ትዋይላ ልጓሙን ሳብ አደረገችና ወደ ቀኝ መለሰቻት። የመጀመሪያውን በርሜል ቀሚስ ሳያስነካ እንደሚያልፍ ሰው ጥብቅ አድርጋ ዞረችው። ሁለተኛው ጋ አመነታች። ትዋይላ ተረከዟን አሳረፈችባት፤ ማቤልም ታዘዘች፤ ወደ ግራ ዞረች። ታዛዥ ነበረች፤ ጥፋቷ ያ ብቻ ነው። ሦስተኛው በርሜል ላይ እንደገና ወደ ግራ ስትታጠፍ የኋላ ግራ እግሯ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ አሰማ፤ ጋላቢና ፈረስ አብረው አሸዋው ላይ ወደቁ።

ትዋይላ ምንም አልሆነችም። ማቤል ሦስት ጊዜ ልትነሣ ሞከረች። ሰዎች ሰማያዊ ሸራ ይዘው እየሮጡ መጡና ሕዝቡ እንዳያይ ዙሪያቸውን ጋረዱ። የእንስሳት ሐኪሙ ተንበርክኮ እግሯን አየና ቦርሳውን ከፈተ።

«አይድንም። ጭንቅላቷን ያዢላት» አላት።

ትዋይላ አሸዋው ላይ ተቀምጣ የማቤልን ጭንቅላት እጭኗ ላይ አደረገች፤ ጆሮዋ ሥር እያሻሸች «ጎበዝ፣ የኔ ጎበዝ» አለቻት። ከሥቃይዋ የሚያሳርፋት መርፌ ፈጣን ነበር።

«የአጥንቱ ስንጥቅ የዛሬ አይደለም» አለ ሐኪሙ ዕቃውን እየሰበሰበ። «ሳትነግርሽ ችላ የኖረችው ነው። ወደ ግራ በዞረች ቁጥር ይብስባታል።»

«አንድ ዙር ብቻ ቢሆንስ ኖሮ? አንድ ግራ ብቻ?»

ሐኪሙ የበርሜሉን ነገር የሚያውቅ የአገሩ ሰው ነውና የጠየቀችው ገብቶታል። «ምናልባት ይይዝላት ነበር» አለ። «ምናልባትም አይዝም። ተይው ይሄን አሁን።»

አልተወችውም። ናዲን መኪናውን እየነዳች ቤት ስታደርሳቸው፣ ከኋላ ባዶው የፈረስ ተጎታች ሲንኳኳ፣ በየጉብታው እያሰበችው ሄደች። ባርኔጣው ሲወዛወዝ ታያት። መስኮቱ ሲደበደብም ታያት። ናዲን አቅፋት ሄደች።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ትዋይላ ወጥ ቤት ገብታ አባቷ እግር ሥር ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ቀኝ ነበር ያልከኝ አይደል? ያቺን እጅ ያነሣሃት ሌላ ስለሌለህ ነው፤ አይደል?»

ኦርቫል ዓይኖቿን አየ። በእንባ ያበጡ ነበሩ። በፈረስ ነገር ዋሽቷት የማያውቅ ሰው ነው፤ ለማስደሰት እንኳ ብሎ አያውቅም። አሁን ግን ራሱን ወደ ታች ነቀነቀላት። አዎ።

ትዋይላ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ጥላ እስኪወጣላት አለቀሰች። ልቧ ተሰብሮም ቢሆን ትንሽ ቀለላት። አባቷ ያላትን ነው ያደረገችው፤ የቀረው የእግዜር ሥራ ነው። ተነሥታ ፊቷን ታጠበች፤ ሌላ የምትሠራው ስለጠፋት ድንቹን አውጥታ መላጥ ጀመረች። ሰዓቱ ነበርና ኦርቫልም ከልማዱ የተነሣ ቀኝ እጁን በግራው አንጓው ላይ ያዘና ወደ ላይ አነሣው።

«አንድ» አለች ትዋይላ ቀና ሳትል። «ሁለት። ሦስት።»

አራት ልትል ቀና አለች። እጁ ከቀኝ ትከሻው በላይ፣ ድሮ ባርኔጣውን የሚያነሣበት ቦታ ላይ ነበር። በየቀኑ እዚያው ድረስ ያነሣዋል። ቀኝ ሊላት ቢፈልግ ኖሮ ዛሬም ሊያነሣው ይችል ነበር።

ቢላዋውን አስቀመጠች። ኦርቫል ማየቷን አየ። እጁን ቀስ አድርጎ ጭኑ ላይ መለሰው፤ የቀረችለትን አንዲት ቃል ፈልጎ አወጣ።

«ማቤል» አላት። ልጁን መጥራቱ ነበር።