ውሃ የማያውቀው አልኮል

ከደምበጫ እስከ ቆጋ እንደ እኔ እንደ ደሞዝ አልኮል የሚያነጥር ሰው አልተወለደም። መንገድ ተዘግቶ ንጹሕ አልኮል ከአዲስ አበባ አልመጣ ሲል፣ ቡሬ ያለችውን ላብራቶሪያችንን ያዳንኳት እኔ ነኝ። የደምበጫን አረቄ በመስታወት ዕቃችን ሦስት ጊዜ አነጠርኩት፤ ለሰው ሰባት ነው የምለው። የቀረችውን እርጥበት በተቃጠለ ኖራ አስመጠጥኩ።

"ዓባይን ብታፈሺበት እንኳ ውሃ አይገኝበትም" አልኳት ፋሪዳን።

ፋሪዳ የቡሬ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የማስተርስ ተማሪ። የኑግ ዘይትን ወደ ነዳጅ የሚለውጥ ጠጣር ካታሊስት ትሠራለች። የታይታኒየሙን ፈሳሽ በአልኮል ታቀጥነዋለች፤ ቀስ ብሎ እንደ እርጎ ረግቶ ጄል ይሆናል፤ ከዚያ ደርቆ ምድጃ ይገባል። ያለጊዜው ውሃ ከነካው ግን ወዲያው ነጭ ጓል ይሆናል። የቀራት ፈሳሽ አንዲት ጠርሙስ ናት። ናሙናው ለምርመራ ዓርብ ባሕር ዳር ካልደረሰ ዓመቷ ከንቱ ነው።

"ጋሽ ደሞዝ፣ አረቄ አረቄ ሸትቼ ቤት ስገባ አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን?" እያለች የታይታኒየሙን ጠርሙስ ከፈተች።

"አዲስ ሽቶ ነው በያቸው።"

አልሳቀችም። ጠርሙሱን አልኮሉን ወደያዘው የመስታወት ቢከር አዘነበለች። የልቤ ድለቃ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ቆይ እስኪ። መጀመሪያ በአንድ ጠብታ እንየው።"

"ዓባይ ቢፈስበት ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ። ጠብታ ምን ይጎዳል?"

ከአልኮሉ በማንኪያ ቀዳች፤ ጠብታዋን ጣለችበት። ዐይናችን እያየ ነጭ ሆኖ ተጓጎለ። ቀና ብላ አየችኝ።

"ውሃው ከየት መጣ?"

ከጋዋኔ ኪስ ግማሽ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ።

"ያልተበረዘው ይኸ ነው። ለራሴ ብዬ ቀዳሁና... የጎደለውን ከቧንቧ ሞላሁት።"

ሌላ ማንኪያ አመጣች፤ ከእኔ ጠርሙስ ቀዳች፤ አንድ ጠብታ ጣለችበት። ጠብታዋ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርታ ቀረች።

"ይበቃል?" አልኩ።

"ለአንድ ናሙና ይበቃል። እርስዎ ግን እጅዎን ኪስዎ ከተው እዚያ ጥግ ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትቀላቅል ዋለች። በመጨረሻ ቢከሩን አጋደመችው፤ አልፈሰሰም።

"ረጋ" አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለቢከሩ።

ናሙናው ዓርብ ደረሰ። ያንን ጄል በዐይኔ ብቻ እንዳረጋሁት ቡሬ ውስጥ ያልሰማ የለም። ፋሪዳ ብቻ፣ ስታገኘኝ ከሰላምታ በፊት ኪሴን ታያለች።