የከሰዓት ሒሳብ

ደረጀን ለልጄ አስጠኚ አድርጌ የቀጠርኩት ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ጎበዝ መሆኑን ጭሮ ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቀም ካለ ራሱ ይነግረዋል። የቀጠርኩት በሬን አንኳኩቶ፣ ጫማውን አውልቆ «ልግባ?» እንዲለኝ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አንድ ላይ ነበርን፤ እሱ የክፍል አለቃ፣ እኔ የኋላ ወንበር ላይ። አንድ ቀን መምህሩ ወጣ ሲል «የረባሽ ስም ጻፍ» አለው፤ ደረጀም የእኔን ስም ከሁሉ አስቀድሞ ሰሌዳው ላይ ገተረው። አፌን አልከፈትኩም። ያወራው ከጎኔ የነበረው ልጅ ነው፤ አባቱ ሹም ስለነበር ግን ስሙ አልተጻፈም። ወላጅ አምጣ ተባልኩ። አባቴ ከብት ሊገዛ ወደ አሰቦት ወርዶ ነበር። እሱን ስጠብቅ ቀኑ ሄደ፣ ከዚያ ደግሞ መመለሱ አሳፈረኝ፤ በዚያው ቀረሁ። አጎቴ ጎሚስታ ቤት አስገባኝ፤ ይኸው ወደ ሂርና በሚወስደው መንገድ ዳር የጫት አይሱዙ ጎማ እለጥፋለሁ። ደረጀ ተምሮ የሒሳብ መምህር ሆነ። የሞተሩ ጎማ ሲተነፍስ እኔ ጋ ይመጣና «አንተ፣ ቶሎ በላ» ይለኛል። ስሜን አይጠራም። ሰሌዳ ላይ ሲጽፈው ግን አልጠፋበትም ነበር።

ልጄ ሚካል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። ባለፈው ዓመት ከእኛ ሰፈር ተፈትኖ ያለፈ አልነበረም። ሚካል ሌላው ትምህርት ይሆንላታል፤ ሒሳብ ላይ ግን ትቆማለች።

«አባዬ፣ ሒሳቡን ካልሠራሁ ግማሹን አልሞላም» አለችኝ። «ግማሹን ካልሞላሁ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር የለም።»

ደረጀን ሳናግረው መጀመሪያ ያለው «ያለ በርጫ አእምሮዬ አይሠራም» ነው። ባለቤቴ ማሚቴ ይሄን ስትሰማ ድስቱን ክዳን አልባ ትታ መጣች። «ሊያስጠና ነው ሊቅም የሚመጣው?» እኔን ግን ደስ አለኝ። ጫቱን ያቀረብኩት እኔ፣ ቤቱ የእኔ፣ ፍራሹ የእኔ፤ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ከላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ ከበሩ ሥር።

ጫት የምትሸጥልኝ መይሙና ለጋ ለጋውን ሳስመርጣት ሳቀች። «አባ ሚካል፣ ዛሬ ሙሽራ መጣብህ እንዴ?»

«አስጠኚ ነው።»

«ታዲያ ልጅቷ ምን ልትቅም ነው?»

ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን መጣ። ሚካል ጥግ ይዛ ደብተሯን ከፍታ ትጠብቃለች፤ እኛ እንቅማለን። ኋላ ምርቃናው ሲመጣ ደረጀ ተነስቶ በጉልበቱ ቆመ።

«ሊሚት ማለት፣ አጥናፉ» አለ። ስሜን ጠራ። «ሊሚት ማለት መጠጋት ነው። ትጠጋለህ፣ ትጠጋለህ፣ ትጠጋለህ፣ ግን አትደርስም!»

ወላዲተ አምላክን፣ ገባኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ምን ሠርቼ አውቃለሁ? ከዚያ ዴሪቬቲቭ አለ፤ ከቦርደዴ ሽቅብ ወደ ጭሮ ስትመጣ አይሱዙው የሚያቃስትባት እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ አቀበት አላት፣ እሱ ነው አለ። እሱም ገባኝ። ከአቀበቱ ወደ ባቡሩ፣ ከባቡሩ ወደ ፈረንሳዮች፣ ከፈረንሳዮች ወደ ጨረቃ ሄድን። ሁሉም ገባኝ።

«ቲቸር፣ ይቺ ሁለት ከየት መጣች?» አለች ሚካል።

«ሁለቷን ተያት፤ ሐሳቡን ያዢ!»

«ሐሳቡን አይጠይቁማ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው።»

«አንቺ ልጅ» አልኳት ቀበል አድርጌ፣ «ከዘጠነኛ ያቋረጥኩት እኔ ገብቶኝ አንቺ እንዴት አይገባሽም?»

በሳምንቱ የሰሌዳውን ነገር አነሳሁበት። ደረጀ የያዘውን ቀንበጥ አስቀመጠና ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እውነቱን ልንገርህ? በዚያ ክፍል ከእኔ የበለጠ ጭንቅላት የነበረህ አንተ ብቻ ነህ። ፈርቼህ ነው የጻፍኩህ።»

ይሄን ቃል ለማን ልንገር? ለማሚቴ ብነግራት «ጫቱ ነው» ብላ አለፈችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳውን ለእሱ ለቀቅሁ፤ ሁለት ትራስ ደረብኩለት። እኔ ከበሩ ሥር ሆንኩ። መምህሬ ማለትም ጀመርኩ፤ ማንም አላስገደደኝም።

ሚካል ትምህርት ቤት የሞዴል ፈተና ተፈተነች። የሒሳብ ውጤቷ ካለፈው ጊዜ ወርዶ መጣ። ደነቆርሽ አልኳት፣ እንዲህ ያለ አስተማሪ አምጥቼልሽ አልኳት፣ ያላልኳት የለም። አላለቀሰችም።

«እሺ፤ አንተ ገብቶሃል አይደል?» አለችኝ። «ነገ ጠዋት አስረዳኝ።»

በማግስቱ ጠዋት ጎሚስታ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። የጎማውን ከመነዳሪ ቀዳዳ ምልክት የማደርግበትን ጠመኔ አንስታ የሊሚት ጥያቄ ከነምርጫው ቆርቆሮው በር ላይ ጻፈች። ቆምኩ። አየሁት። በርጫ ላይ እንደዚያ ሲፈስ የነበረው ነገር አንዲት ጠብታ የለም።

«ሊሚት ማለት… መጠጋት ነው።»

«እሺ፣ ወደ ምን?»

ጎማው እስኪሠራ ቁጭ ብሎ የነበረው የአይሱዙ ሾፌር ጃዕፈር «አጥናፉ፣ ጎማዬን ትነፋለህ ወይስ ትፈተናለህ?» አለና ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ደረጀ የዚያን ጠዋት የሞተሩን ጎማ ሊያስነፋ ብቅ አለ። ሩቅ አገር ሠርግ ሄዶ ሁለት ቀን ሳይቅም የከረመ ነው፤ ፊቱ ጭፍግግ ብሏል። ሰላም አላለኝም። በሩን አየ፣ ጠመኔውን ከሚካል እጅ ወሰደ።

«የላዩን በትኚው። ይሄ ከዚህ ጋር ይጣፋል። ሁለትን አስገቢ። አራት። ሲ።»

«በቃ?» አለች ሚካል።

«ምን ልጨምርልሽ?»

ሌላ ጥያቄ ጻፈችና ራሷ ሠራችው። ደግሞ ሌላ። እሱ ሞተሩን አስነስቶ ሲሄድ ዞራ አየችኝ። «አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ክፍል ሳይገባ ያስጠናኝ። የከሰዓቱ ይቅር።»

«ለምን ይቀራል? ጠዋቱ ይጨመርልሽ።»

«የከሰዓቱ ካለ ጠዋት የለም። ቅሞ ሌሊቱን አይተኛ፣ ጠዋት አይነሳ። አንዱን ምረጥልኝ።»

ምን ብዬ ልንገራት? ከጠዋት ጀምሮ ሾፌር «አንተ» ሲለኝ እውላለሁ። ሰው የምሆነው ከሰዓት ነው፤ ጭንቅላት የነበረኝ ከሰዓት ነው። ይሄ ለልጅ አይነገርም። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ማሚቴ ምሳ አቅርባልኝ «ያንተ ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው? የሷ ፈተና ደርሷል» አለችኝ፤ ምሳውን ትቼ ተነሳሁ። ሄጄ ለደረጀ ነገርኩት።

«ያለ ጫት?» አለ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

«ከፈተናው በኋላ እንክሳለን።»

ጠዋቱ ደስ አይልም። ደረጀ እያዛጋ ይመጣል፣ ሻዩን ፉት እያለ ይቆጣታል፣ ያሠራታል፣ ይሄዳል። ጨረቃ የለ፣ ባቡር የለ። አንድ ጠዋት እየሸኘሁት የሰሌዳውን ነገር፣ ያቺን ስለ ጭንቅላቴ ያለውን፣ አስታወስኩት።

«የቱን ሰሌዳ?» አለኝ።

ሚካል ከክፍሏ ልጆች ጋር በአውቶቡስ ሄዳ ዋናውን ፈተና ተፈተነች። ውጤቱ ስልክ ላይ ሲወጣ ማሚቴ እልል አለች። ግማሹን ሞልታ አልፋለች፤ በሒሳቡም። ልጄን አቀፍኳት፣ ደስታዬ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሌላ እንዳይመስለው።

ደረጀ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መጣ፤ ጫት ይዤ ጠበቅሁት። ሁለቱን ትራስ ተደግፎ ሞቅ ሲለው «አጥናፉ፣ መሠረቱን የጣልነው እዚሁ ፍራሽ ላይ ነው። የጠዋቱ ማጠናከሪያ ነበር» አለ።

«እንዴታ መምህሬ!»

ልብሷን የምታጣጥፈው ሚካል ቀና ብላ አየችን። ከዚያ ማጣጠፏን ቀጠለች።

እሷ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ወዲህ እኔና ደረጀ ትምህርቱን አላቋረጥንም። አሁን ኢንቲግራል ላይ ነን። ኢንቲግራል ማለት ዓይን የማይሞላውን ጥቃቅን ነገር አንድም ሳይጥሉ ሰብስቦ መደመር ነው። እኔ ይሄን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስሠራው ነው የኖርኩት፤ እንዲያ ስለው ደረጀ ተነስቶ ጨበጠኝ። «ይሄን ከዲግሪ ተማሪም ሰምቼ አላውቅ» አለ። ሁሉም ነገር ገብቶኛል። ሚካል ከሄደች ደግሞ ጠዋት መጥቶ አስረዳኝ የሚለኝ የለም።