ማንዳዚ ይዛ የመጣችው ጠንቋይ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ኪሊማኒ በሚባለው ሰፈር፣ ከአያልነሽ ምግብ ቤት ጀርባ ያለው ግቢ ቴአትር ሊያዩ በመጡ ልጆች ተሞልቷል። ጋሽ መኳንንት የልጅ ልጃቸውን ሐሊናን ይዘው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው መሀል መቀመጥ አይወዱም። ሐሊና ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ስምንት ወር ሆኗል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ሐኪሙ ጆሮዋም ጉሮሮዋም ደህና ነው ብሏል። ጋሽ መኳንንት ግን ነገሩ ከምን እንደመጣ ያውቃሉ፤ ለማንም አልተናገሩትም እንጂ። ለቅሶው ላይ ልጅቷ «እማዬን አምጧት!» እያለች ስትጮህ ቤት ሙሉ ሰው ዞሮ አያቸው። አፈሩ። ክንዷን ጨበጥ አድርገው «ዝም በይ!» አሏት። ዝም አለች። ዝም እንዳለችም ቀረች።

ቴአትሩ ተጀመረ። ጠንቋይዋ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ስትል ልጆቹ ግቢውን በጩኸት አናወጡት። አፍንጫዋ ከካርቶን ተቆርጦ በላስቲክ ታስሯል፣ ጥርሷ በከሰል ጠቁሯል፣ ጀርባዋ ላይ ትራስ ታጭቆ ጎብጣለች። አያልነሽ ራሷ ናት። ሌሎቹ ሴቶች ጠንቋይ ሁኑ ሲባሉ «ልጆቹ ይጠሉናል» ብለው እምቢ ሲሉ እሷ ገባችበት።

«ክፉ አሮጊት!» አለች አንዷ።

«ምቻዊ! ምቻዊ!» አለ ሌላው፣ ጠንቋይ መሆኗን በስዋሂሊ እየመሰከረ።

ጠንቋይዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ስድብ ማለት ይኼ ነው? እናቶቻችሁ ከዚህ የተሻለ ይሰድቡኛል!»

እናቶቹ ሳቁ። ጋሽ መኳንንት አልሳቁም፤ ሐሊናን እያዩ ነው።

የተረቱን ልጅ ሆና የምትጫወተው ሮሃ በጫካው መንገድ መጣች። ጠንቋይዋ ከጉያዋ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ አወጣች። የበላው ልጅ ተኝቶ እንደሚቀር ለተመልካቹ በሹክሹክታ ነገረችና ድምጿን አጣፈጠች። «እንኪ የኔ ቆንጆ፣ አሁን ከዘይት የወጣ ነው።»

ሮሃ እጇን ዘረጋች።

«አትብዪው!»

ድምፁ ሻካራ ነበር። ጋሽ መኳንንት ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር አሉ። ሐሊና ወንበሯ ላይ ቆማለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እጃቸው ሳያዙት ወደ ክንዷ ሄደ፤ አፋቸውም ያንኑ ቃል ሊል ተከፈተ። ከንፈራቸውን ነከሱ። እጃቸውን መልሰው፣ በሌላው እጃቸው ጥርቅም አድርገው ያዙት።

አያልነሽም ሰምታለች። በየቀኑ ጭኗ ላይ አስቀምጣ የምታጎርሳት ልጅ ናት። አፍንጫውን አውልቃ ልታቅፋት ቃጣት። አላወለቀችም። እየተንከላወሰች በወንበሮቹ መሀል ወደ ሐሊና መጣች።

«ማናት ይቺ ደፋር? ትበላዋለች!»

«አትበላውም!»

«ለምን?»

«መርዝ አለው! ውሸታም ነሽ! አስቀያሚ ነሽ!»

«ሌላስ?»

«ትሸቻለሽ!»

ልጆቹ ሁሉ «ትሸቻለሽ!» እያሉ ተነሡ። ጠንቋይዋ ጆሮዋን ይዛ፣ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ሸሸች። ለቅሶው የቴአትሩ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ጋሽ መኳንንት ተከትለዋት ገቡ። አያልነሽ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ ከሰሉን አገጯ ላይ አውርዶታል።

«ጠላችኝ አይደል፣ ጋሼ?»

«በጣም» አሉ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ንግግር አያውቁበትም። ጎንበስ ብለው ከሰል የነካውን እጇን ሳሙ።

«ኧረ ይተዉ! እርስዎ እኔን?»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እኔ የዘጋሁትን ከፈትሽልኝ።»

ከበሩ ውጭ የሐሊና ጩኸት መጣ። «አባባ! ቶሎ ውጣ! ትበላሃለች!»

አያልነሽ አፏን በሻርፗ አፍና ሳቀች። ጋሽ መኳንንት ግን ወደ በሩ ዞረው ቆሙ። አልወጡም። ደግማ እስክትጠራቸው ጠበቁ።