ከሾፌሩ ጀርባ የተለጠፈው ጥቅስ

ሻይ ጠጥቶ የተመለሰው ሾፌሩ ሙናዊር በኮሌታው ሲጎትተው፣ ጥጋቡ ከጥቅሱ ላይ ገና የራሱን ስም ብቻ ነበር በምላጭ ፍቆ የጨረሰው።

«ሌባ! በጠራራ ፀሐይ የሰው ታክሲ ትፍቃለህ?»

«ሌባ አይደለሁም። ትናንት ይሄን ጥቅስ የሸጥኩልህ ሰውዬ ነኝ፤ ረሳኸኝ?»

«ታዲያ የሸጥከውን መልሰህ ልትሰርቀኝ ነው?»

ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሳቁ። አውቶቡስ ተራ ላይ በነፃ የሚገኘው ሳቅ ብቻ ነው።

ጥጋቡ ሚኒባስ ውስጥ የሚለጠፉ ጥቅሶችን ይገጥማል፣ አሳትሞም ይሸጣል። ስለ ሐሜተኛ፣ ስለ ከዳተኛ ፍቅረኛ፣ ሒሳብ ሳይከፍል ስለሚወርድ ተሳፋሪ ያልገጠመው የለም። ባለፈው ሳምንት ግን፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ስለ ገዛ ቤቱ ገጠመ፦

ቀስ ብለህ ና ልጄ፣ ወንበር ይዤልሃለሁ፤
አንተ ስትሳፈር፣ እኔ እወርዳለሁ።

ከሥሩም «ጥጋቡ ዘመርካቶ» ብሎ አሳተመበት። በሌሎቹ ጥቅሶች ላይ ስሙን ጽፎ አያውቅም።

ሚስቱ እድላዊት ስድስት ወሯ ነው። ከዚህ በፊት ሁለቴ አስወርዷታል። ሁለቱንም ጊዜ ልብስ ተገዝቶ፣ ስም ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በአሁኑ «ልጅ» የሚባል ቃል ከቤቱ ተከልክሏል። እሷ «ሆዴን አሞኝ ነው» ትላለች፤ ጎረቤቱም ያን የሚያህል ሆድ እያየ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ያልፋል።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታቸው የሺ ከታክሲ ወርዳ፣ ግጥሙን በቃሏ ይዛ፣ እልል እያለች ገባች። እድላዊት አልጮኸችም።

«ከተማውን እያዞርክ ጠራኸው?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። «ሂድና አንሳው። ሳታነሳው እንዳትመጣ።»

እሱም ጥቅሱ የታተመው አንድ ብቻ መሆኑን እያመሰገነ፣ ከታክሲ ታክሲ ሲያጮልቅ ዋለ።

«ሙናዊር ወንድሜ፣ በምትኩ አራት ጥቅስ እሰጥሃለሁ። በነፃ።»

«አልፈልግም ባክህ! ጠዋት አንዲት እናት አንብባው፣ እያለቀሰች መልሷን ሳትቀበል ወረደች። እንዲህ ያለ ጥቅስ ይፋቃል?»

«ሚስቴ እኮ…»

ስልኩ ጮኸ። የሺ ነበረች፤ ድምፅዋ ከስልኩ አልፎ ሾፌሮቹ ጋ ይሰማል።

«ጥጋቡ፣ ደም እየፈሰሳት ነው! መኪና ይዘህ ድረስ!»

የሚስቅ ጠፋ። ሙናዊር ኮሌታውን ለቀቀው፤ ተራውንም ትቶ ሞተሩን አስነሳ።

«ቤትህ የት ነው?»

«ራጉኤል ጀርባ።»

እድላዊትን የሺና ጥጋቡ ደግፈው አስገቧትና ከሾፌሩ ኋላ ባለው ወንበር ላይ አጋደሟት። ጥቅሱ ፊት ለፊቷ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነበር። ጥጋቡ ጎንበስ ብሎ ገባና ጥቅሱን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«ተቀመጥ እንጂ፤ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው» አለ ሙናዊር በመስታወቱ እያየው።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ጭንቅላቱ ከጣሪያው ይላተማል። እድላዊት በግድ ዐይኗን ገለጠች።

«አነሳኸው?»

«አነሳሁት» አላት፤ ጀርባውንም ከወንበሩ ጋር ይበልጥ አጣበቀ።