እምቢ ያለው እንግዳ

ትርንጎ ያን ዕለት ጠዋት ከቤት ስትወጣ በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይቺን የፕሮግራሚንግ ትምህርት ማለፍ። አምና ወድቃባታለች። ዘንድሮም ከወደቀች አጎቷ አያ ሰውአገኝ ወደ ሳንጃ ከተማ ወስዶ የሰሊጥ መጋዘኑን ሊያስጠብቃት ቆርጧል። «ኮምፒውተሩ ፊት ከነሣሽ ሰሊጡ ያቅፍሻል» ብሏት ነበር። እሱ ሲስቅ እሷ እንባዋ መጣ። ሰሊጥ ጠልታ እንዳይመስላችሁ። ኮምፒውተር ወዳ ነው፤ ያውም ክፉኛ!

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለው ኮሌጅ ጀማሪዎችን የሚያስተምረው መምህር ዐብዱልከሪም ይባላል። ሸጋ መምህር ነው፤ ሳቅ ብቻ አልፈጠረበትም። ለመጨረሻው ፈተና ወረቀት የለም ብሎ፣ ተማሪው ሁሉ በኮምፒውተር አንድ የታሪክ ጨዋታ ሠርቶ እንዲያመጣ አዘዘ፤ ተጫዋቹ በየመንገዱ እየመረጠ የሚሄድበት። ደንቡንም ቁርጥ አድርጎ ተናገረ።

«በሁላችሁ ፊት እኔው ነኝ የምጫወተው። እንደ ሌላ ሰው ሆኜ አይደለም፤ እንደ ራሴ። ከመነሻው መድረሻው ካደረሰኝ አልፋችኋል። መንገድ ላይ ከቀረሁ ግን እናንተም ቀራችሁ።»

ሌላው ተማሪ የኳሱንም የጦርነቱንም ጨዋታ ሠራ። ትርንጎ የምታውቀውን ሠራች፤ የደባርቅ መንገድ ዳር ያደገች የደጋ ልጅ አይደለች? ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መንገደኛ እነሱ መንደር ሲደርስ ማኪናው ይበላሽበታል። ይመሻል፣ ብርዱ አያድርስ ነው። መብራት ያየበት ቤት ሄዶ «ቤቶች!» ይላል። ባለቤቲቱ ታስገባዋለች፣ ታስታጥበዋለች፣ ዶሮ ወጥ ታቀርብለታለች። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ «እሺ» እና «እምቢ»። እሺ ካለ ይበላል፣ መካኒክ ይጠሩለታል፣ ማኪናው ተሠርቶ ደባርቅ ይገባል። እምቢ ካለ ባለቤቲቱ ትለምነዋለች። ለልመናው ትርንጎ የጻፈችው ትዕዛዝ አጭር ነበር፤ እሺ እስኪል ድረስ ደጋግመሽ ለምኚው።

ሳታስሞክረው አልመጣችም ደግሞ። ጓደኛዋን ሚስጥርን አጫውታታለች፤ የተከራየችበትን ግቢ ሰው ሁሉ አጫውታለች። ሁሉም እንደ ወጉ አንዴ «እምቢ» አሉ፣ ይሉኝታ የበዛባቸው ደገሙ፣ ከዚያ «እሺ» ብለው በሉ። አንድም የተቸገረ የለም። የአገራችን ሰው ለወጉ ነው እንጂ ማን ነው ቀርቦለት እስከ መጨረሻው እምቢ የሚል?

ተራዋ ደረሰ። መምህሩ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ፤ ጨዋታው በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ወጣ። ማኪናው ተበላሸ። «ቤቶች!» አለ። ገባ፣ ታጠበ፣ ዶሮ ወጡ ቀረበለት። መምህሩ «እምቢ»ን ነካ።

«ኧረ በሞቴ!» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ የባለቤቲቱ ልመና ነው።

እምቢ።

«አፈር ስሆን! ትንሽ ይቅመሱ!»

እምቢ።

«ኧረ በሞቴ!»

ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። ቆይቶ ሁሉም ከባለቤቲቱ ጋር አብሮ «ኧረ በሞቴ!» ይል ጀመር፤ ቢያዝን የሚሉት ቀልደኛማ ዴስኩን እንደ ከበሮ ይደልቃል። መምህሩ ፊቱ ንቅንቅ አላለም። እምቢ። እምቢ። እምቢ። ሆን ብሎ ሊጥለኝ ነው አለች ትርንጎ በሆዷ፤ ንድድ አላት። ሰው ይህን ያህል ይለመናል እንዴ!

«መምህር!» አለች ሳታስበው ጮክ ብላ፣ «ምነው ትንሽ ቢቀምሱላት? ሴትዮዋ እኮ በልመና አለቀች!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ ዞር ብሎ አያት።

«ያቀረበችልኝ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ወጥ ነዋ!»

«ማን አረደው?»

«አባቴ» ልትል አፏን ከፍታ፣ አፏን በእጇ ያዘች። ኧረ የኔ ጉድ! ሙስሊም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ለማወቅ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል? «እንደ ራሴ ሆኜ እጫወታለሁ» ብሏቸው ነበር እኮ! እፍረቱ ከእግሯ እስከ ጆሮዋ አቃጠላት።

«አልተቀየምኩም» አለ መምህሩ ረጋ ብሎ። «ሴትዮዋም ደግ ናት። ግን ይኸው ተይዣለሁ፤ መብላትም አልችልም፣ መውጣትም አልችልም። ሌሎቹ እስኪጨርሱ ጊዜ አለሽ፤ አስተካክለሽ አምጪው። ካልሆነ ግን ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ላፕቶፑን አቅፋ የኋላ ወንበር ላይ ሚስጥር አጠገብ ተቀመጠች። ሚስጥር መላው ወዲያው መጣላት።

«ቀላል ነው ባክሽ! ሦስቴ እምቢ ካለ ‹እንግዲያስ ደህና ይሁኑ› ብላ ታሰናብተው።»

ትርንጎ ጻፈችው። ሞከረችው፤ ሠራ። እንግዳው እምቢ አለ፣ ተሰናበተ፣ ማኪናው ተሠራለት፣ ደባርቅ ገባ። በቃ፣ አለፈች ማለት ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ላይ «እንግዳው ሳይበላ ወጣ» የሚለው አልዋጥላት አለ። ሰው ከእነሱ ቤት ጾሙን ሊወጣ? ሙስሊም ነጋዴዎች ሲመሽባቸው አባቷ ዶሮ ከነነፍሱ፣ ከነቢላዋው ይዞ ነው የሚቀበላቸው፤ እነሱ ይባርካሉ፣ ያልተነካካ ድስት ይወጣላቸዋል። ዶሮ ቢጠፋ ወተት አለ፣ ማር አለ። እናቷም ቢሆን «ብሉ» ከማለቷ በፊት «ምን ላቅርብ?» ትላለች። ይህን ሁሉ እያየች አድጋ፣ ጥያቄውን ረስታ ልመናውን ብቻ መጻፏ አናደዳት። መስመሩን አጠፋችው።

«አበድሽ?» አለች ሚስጥር። «ሠርቶልሽ የለም እንዴ! ሳንጃ ናፈቀሽ?»

«ሳንጃም ልሂዳ! እየራበው አላስወጣውም።»

አሁን ጭንቅ መጣ። እንግዳው ምን እንደሚፈልግ በምን ይታወቃል? የሰው አምሮት ተዘርዝሮ ያልቃል? ከፊቷ ያሉት ተማሪዎች አንድ በአንድ እየጨረሱ ነው፤ ስትቸኩል ፊደል ትስታለች። በመጨረሻ፣ እንግዳው የፈለገውን ራሱ ይጻፍ፣ ባለቤቲቱ ደግሞ የጻፈውን ሁሉ «አለ!» ብላ ታቅርብለት ብላ ዘጋችው። ለመሞከር ጊዜ አላገኘችም። ስሟ ተጠራ።

መምህሩ እንደገና ተቀመጠ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። እምቢ አለ። ስክሪኑ ለአፍታ ጨለመ። ከዚያ ጽሑፉ ብቅ አለ።

«ምነው፣ ይሄ አይሆንዎትም? እንግዲያስ ምን ላቅርብልዎ?»

መምህሩ ጽሑፉን ደግሞ አነበበው። ከዚያ «ወተት» ብሎ ጻፈ።

«ወተትማ አለ! ትኩስ ነው፤ በማር ይጠጡት።»

ጠጣ። መካኒኩ መጣ፣ ማኪናው ተነሣ፣ ደባርቅ ገባ! ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሚስጥር እልልታዋን ለቀቀችው። ቢያዝን «እኔም ርቦኛል!» ብሎ ዘሎ መጣና «ፒዛ» ብሎ ጻፈ።

«ፒዛማ አለ! ትኩስ ነው፤ በማር ይጠጡት።»

ያን ጊዜ መምህር ዐብዱልከሪም ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ መነጽሩን እስኪያወልቅ ድረስ ሳቀ።

«ለፒዛው ትንሽ እቀንስብሻለሁ» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «አልፈሻል ግን።»

ትርንጎ ከደስታዋ ብዛት ሚስጥርን አንቃ ልትገድላት ነበር።

ተማሪው ሲወጣ መምህሩ አስቀራት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሦስቴ እምቢ ካልኩ ብታሰናብቺኝም እኮ ታልፊ ነበር። አንድ መስመር ነው።»

«ጽፌው ነበር።»

«ታዲያ ምነው አጠፋሽው?»

«ርቦዎት ይሂዱ እንዴ መምህር!»

መምህሩ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የላፕቶፕ ገመድ አንሥቶ ይጠቀልል ጀመር፤ የራሱ ገመድ እንኳ አልነበረም።

«እህቴ ደባርቅ ነው ያገባችው» አለ ቀስ ብሎ። «በዚያ መንገድ ስመላለስ ስንት ዓመቴ ነው! ሰዉ ‹ግባ፣ ግባ› ይለኛል። ከገባሁ ይለምኑኛል፣ እምቢ ስል ይከፋቸዋል እያልኩ፣ እየራበኝ አልፌ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ቤት ገብቼ አላውቅም።» ገመዱን ትቶ ቀና አለ፤ ያ ኮስታራ ሰውዬ አፍሮ ነበር። «የእናንተን ቤት ባንኳኳ... ያስገቡኛል?»

ትርንጎ ፈጥና መለሰች።

«ይግቡ እንጂ! አባቴ ዶሮ እንዲይዝ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ። የሚባርኩት ግን ራስዎ ነዎት።»

«እሺ» አላት መምህር ዐብዱልከሪም። ለወጉ እንኳ አንዴ እምቢ አላለም።