የፉርጎ ዘይት

ገብረወልድ ከቆርቆሮው አፍ የተንጠባጠበውን ዘይት በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸት አሸት አደረገና ፊቱን አጨማደደ።

«ውሃ ነው» አለ።

«ውሃ?» ሳሕራ ሳቀች። «ዋሪያ ሙሴ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ እንዲህ የሚገኝ ቢሆን ዘይት መሸጥ ምን አደከመኝ? ውሃ እሸጥ ነበር።»

ሳሕራ አሸዋ ገበያ ልባሽ ልብስ ትሸጣለች። ከልብሱ ክምር ሥር ደግሞ ከጅቡቲ የገባውን ሁሉ ትሸጣለች፤ ኮንትሮባንድ አሳዳጁ ፊናንስ ሲመጣ ክምሩ ላይ ቁጭ ብላ ልጅ የምታጠባ መምሰል ታውቅበታለች። ምድር ባቡር የሠራን ሰው ሁሉ በፈረንሳዮቹ አጠራር «ሙሴ» ነው የምትለው። ገብረወልድ ዕድሜውን በባቡሩ ዕቃ ቤት ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበርና ስሙ ይገባዋል።

«ለሞተር ቢስክሌትህ ከዚህ የተሻለ የለም። ወላሂ።»

«ከዚህ የተወደደ የለም በይ።»

«እሱም እውነት ነው።»

ዋጋውን አልደበቀችም፣ አልቀነሰችም። ገብረወልድ ኪሱን በመዳፉ ዳበሰ። እዚያ ያለው ገንዘብ የሱ አይደለም። ሚስቱ ጥሩወርቅ ከአስቤዛው እየቆነጠረች ያጠራቀመችው ነው፤ በልጃቸው በሣህሉ እጅ እንዲገባ።

ሣህሉ ክረምት ሲገባ ከከዚራ ሠፈር ጥግ ታፍሶ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገባ። ዛሬ ጧት ለጦር ሠፈሩ በመኪና እንጨት የሚያመላልሰው የሳሕራ ወንድም ሮብሌ ወሬ ይዞ መጣ፤ ልጆቹ ነገ ይነሣሉ፣ ወደ ሰሜን። ሮብሌ ወታደር ያልሆነ ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል። አውቶቡሶቹን ዘመቻው ወስዷቸዋል። ባቡሩም ለስንቅ ተይዞ ለመንገደኛ ተዘግቷል። ዕድሜውን ለባቡር የሰጠ ሰው ልጁ ያለበት የሚያደርሰው አንድ ፉርጎ አጣ። ካድሬዎቹ ይህን «መሥዋዕትነት» ይሉታል። መሥዋዕት የሚሆነው በግ ነው፤ በግን ደግሞ ፈቃዱን የጠየቀ የለም።

የቀረው ያ ከአንድ ጣሊያን የገዛው አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ነው። እሱም ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ዘይቱን ጨርሷል። በቀበሌው ሱቅ የሞተር ዘይት አለ፤ ግድግዳው ላይ «አለ» ተብሎ ተጽፏል። ለመግዛት ግን ተሽከርካሪው ለምርት ተግባር እንደሚውል የሚመሰክር ደብዳቤ ያስፈልጋል። አባትነት በየትኛውም የምርት ዘርፍ አልተመዘገበም።

«ውሰደው እንጂ፣ አቦ» አለች ሳሕራ። «ምን ታየዋለህ? ሙሽራ ነው?»

«ተይው። እኔ ቤት ከዚህ የከበረ ዘይት አለኝ።»

«የምን ዘይት?»

«የምድር ባቡር!»

ሳሕራ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ያንተ ሞተር ሽማግሌ ነው ሙሴ። ሽማግሌ ወፍራም ነገር አይዋጥለትም።»

«ነጋዴ ነሽ፤ የምትሸጪውን ታወድሻለሽ» ብሎ ጥሏት ሄደ። ተናዶ ነበር። የተናደደው በሳሕራ አልነበረም፤ ግን በዚያ ዘመን ሰው የሚቆጣው እጁ በደረሰበት ላይ ነው።

ዘይቱ አልጋው ሥር ነበር። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ በይፋ ከሸለሙት ዕቃ መካከል አንዱ፣ አፉ በሰም የታሸገ ቆርቆሮ። የፉርጎ መንኮራኩር የሚዞርበት ዘይት ነው። ገብረወልድ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ይህን ዘይት ለዓመታት በቁልፍ ቆልፎ ጠብቆታል፣ በሊትር እየሰፈረ አስፈርሞ ሰጥቶታል። አንድ ጊዜ ግን በገዛ እጁ የትኛውም ብረት ላይ አፍስሶት አያውቅም።

ጥሩወርቅ ከበሩ ቆማ ጥቁሩ ዘይት እንደ ማር እየተጎተተ ወደ ሞተሩ ሲወርድ ታያለች።

«ይሄ ለሞተር ይሆናል?»

«ይሄ ዘይት በርሃ ለበርሃ ስንት ኩንታል ጨው፣ ስንት ኩንታል ቡና ተሸክሟል መሰለሽ? አንድ ሽማግሌና አንድ ከረጢት ያቅተዋል?»

«ገንዘቡን ለዘይት ብታደርገው አልቀየምህም። ልጁ የሚፈልገው ዓይንህን ነው።»

«ዓይኔንም ገንዘቡንም ያገኛል።»

የባቡር ሰው በሽታ ይህ ነው። ባቡርን የተሸከመ ዘይት የሚያቅተው ነገር ያለ አይመስለውም። ጥሩወርቅም የባቡር ሰው ልጅ ናትና አልተከራከረችም። ዳቦ ቆሎውን፣ ጭኮውንና አንድ ሹራብ ከረጢት ውስጥ ከታ አፉን በክር ሰፋችው።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ሞተሩ ለመነሣት አስለመነው፤ ሲነሣ ግን ያ የለመደው ኳኳታ ጠፍቶ ድምፁ ድፍን፣ ለስላሳ ሆነ። ገብረወልድ ደስ አለው። ጭሱም ጠፋ። «አላልኩሽም?» አለ፤ ጥሩወርቅ ሩቅ ቀርታለች፣ አልሰማችውም። መልካ ጀብዱን ሲያልፍ ከመንገዱ ዳር ግመል የሚነዳ ሰው እጁን አነሣለት፤ እሱም እንደ ጎረምሳ ጥሩምባውን ነፋ።

ከዚያ ትንሽ እንደ ሄደ ከእግሩ ሥር ሙቀት ተሰማው። ፀሐይዋ ነች አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ብረት ሸተተው። ጋዙን ቢሰጠው ሞተሩ አልሰማ አለው፤ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ የኋላው ጎማ ቀጥ አለ፣ ገብረወልድም ከነከረጢቱ አሸዋው ላይ ተዘረጋ።

ተነሥቶ መርገጫውን በእግሩ መታ። አልተነቃነቀም። በሙሉ ክብደቱ ቆመበት። ፒስተኑ ነክሶ ቀርቷል። ያ የከበረ ዘይት ወፍራም ነውና ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ከታች ተኝቷል፤ ላይ ያለው ብረት ደርቆ ተበላልቷል። ገብረወልድ ለመሳደብ አፉን ከፈተና የሚሰደብ ሰው አጣ። ሞተሩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ፣ ከረጢቱን ተሸክሞ በእግሩ ወደ ሁርሶ ጉዞ ጀመረ። ጉልበቱ ደምቷል።

ብዙም ሳይሄድ ከፊቱ አቧራ ተነሣ።

መኪኖቹ ከሁርሶ ወደ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱ ነበሩ። ክፍት የጭነት መኪኖች፤ ላያቸው ላይ የተላጨ ጭንቅላት እንደ ድንች ተደርድሯል። ገብረወልድ መንገዱ መካከል ገባ። የመጀመሪያው ሾፌር ጥሩምባ እየነፋ በጎኑ አለፈው፤ ደግሞም ሰደበው።

«ሣህሉ!» ብሎ ጮኸ። «ሣህሉ ገብረወልድ!»

ሁሉም ልጆች ዘወር አሉ። መላጣ፣ አቧራ የለበሱ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። ሁሉም እጃቸውን አወዛወዙለት። አባት ልጁን ከሺህ መካከል ይለያል የሚል ሰው ልጁን ከጭነት መኪና ላይ፣ በአቧራ ውስጥ፣ ሲያልፍ ፈልጎ አያውቅም።

«ሣህሉ!»

«አባባ፣ ከኋላ ነው!» አለ አንድ ድምፅ። ሌላው «ከፊት ሄዷል!» አለ። አንዱ ደግሞ ሳቀ።

የመጨረሻው መኪና ሊያልፈው ሲል ከረጢቱን አሽከርክሮ ወረወረው። አንድ ቀጭን ልጅ ተንጠራርቶ ቀለበውና ደረቱ ላይ አቀፈው። አፍ አውጥቶ የተናገረው ነገር ነበር፤ ነፋሱ ወሰደው። ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ ቀረ። ገንዘብ አይወረወርም።

ወደ ሞተሩ ተመልሶ፣ የተያዘው ጎማ እንዲላቀቅ የእጅ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እየገፋ አሸዋ ገበያ የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሳሕራ ከሩቅ አይታው ተነሣች፣ አልሳቀችም።

ገንዘቡን አውጥቶ የልባሹ ክምር ላይ አኖረው። «ያንን ዘይት ስጪኝ።»

ሳሕራ ሞተሩን በእግሯ ነካ አድርጋ አሸተተችው። «ይሄማ ሞቷል።»

«ስጪኝ አልኩሽ! ገንዘቡን ይዤ ቤት አልገባም።»

«አንተ ሰውዬ፣ ለሬሳ መድኃኒት አልሸጥም።» ገንዘቡን አንሥታ መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችው። «ሂድ ግባ። ቶሎ ብትነግራት ይሻላል።»

ጥሩወርቅ በሩ ላይ ነበረች። ጉልበቱን አየች፣ ሞተሩን አየች፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን ገንዘብ አየች።

«ከረጢቱስ?»

«አንድ ልጅ ቀለበው።»

«የማን ልጅ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሆነ ሰው ልጅ ነዋ!» ጮኸባትና ወዲያው ደከመው። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ጥሩወርቅ ውሃ በሣህን አቀረበችለት፤ ሌላ ጊዜ የምታጥብለትን እጁን ግን ራሷ አላጠበችለትም።

«በል ይብላው» አለች። «የኛንም ልጅ የሆነ ሰው ያብላው።»